ፍሪጅ የሚያራቁተው አያ ፈንታ

አያ ፈንታ ማረፉን የሰማነው ከመተማ በተደወለ ስልክ ነው። ሆዱን እያመመው ድንበር ተሻግሮ ወደ ጎንደር ለሕክምና ከሄደ ሁለት ወር አልፎት ነበር። እዚያው አረፈ፤ እዚያው ተቀበረ። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሥጋ ዘመድ ስላልነበረው ሰፈሩ ሁሉ ዘመድ ሆኖ በእትዬ የሺ ግቢ ዳስ ጥለን ለቅሶ ተቀመጥን።

በሁለተኛው ቀን ከሀዋታ አንድ ሰው መጣ። ድሮ ከአያ ፈንታ ጋር አብሮ ሰሊጥ ያጨደ ነው አሉ። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ሰውየው ከመኪና ሲወርድ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አልቅሶ፣ ፊቱን ጠርጎ ተቀመጠና በተከፈተው በር በኩል ሳሎን የቆመችውን ፍሪጅ አየ። ትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ ብታቀምሱኝ አለ። ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቋርጠው እኩል ዞረው አዩት። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከኒም ዛፉ ሥር የተቀመጠውን ዚር፣ ትልቁን የሸክላ ውኃ ማቆሪያ ማለቴ ነው፣ በአገጫቸው አሳዩትና «ከዚያ ጠጣ ልጄ፤ ሟቹ ቢሰማ ደስ አይለውም» አሉት።

እንግዳው ግራ ገብቶት ጠጣ። እኔም ያን ጊዜ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ግን የለቅሶ ቤት ሆነና ሳቄ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ተውኩት።

ሰይድ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከአያ ፈንታ የፍሪጅ መጠገኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሱሪም ቀሚስም እሰፋለሁ፤ ስሜን ያስጠራው ግን የፍሪጅ ልብስ ነው። የኛ ሰው ፍሪጅ ሲገዛ ማድ ቤት አያስገባትም። ሳሎን ከሶፋው አጠገብ ያቆማታል፣ እንደ ሙሽራም ያለብሳታል፤ ከላይ ዳንቴል፣ ከጎንና ከጎን ሳቲን፣ ከኋላ ደግሞ እስከ መሬት የሚወርድ ባለ ዘርፍ መጋረጃ። ጀርባዋ ስለማያምርም ግድግዳው ላይ ትለጠፋለች። ለፋሲካና ለኢድ ትዕዛዙ አያድርስ ነው። እኔ አለብሳለሁ፤ አያ ፈንታ ሊጠግን ሄዶ ያወልቃል። ጉርብትናችን ይኸው ነበር።

የተዋወቅነው ግን በራሴ ሞኝነት ነው። ገዳሪፍ በገባሁበት ዓመት፣ በግንቦት፣ ሙቀቱ ሊደፋኝ ሲደርስ አንድ ብልሃት መጣልኝ። በርና መስኮቱን ግጥም አድርጌ ዘጋሁ፣ ፍሪጇን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ሚስቴን ጠርቼ ፊት ለፊቷ ቁጭ አልን። ለሩብ ሰዓት ያህል ጎንደር ነበርን። ከዚያ በኋላ ቤቱ ቀስ በቀስ ዳቦ መጋገሪያ ሆነ። ፍሪጇ ተበላሽታለች ብዬ አያ ፈንታን አስጠራሁት። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ገብቶ አየን፤ ባልና ሚስት በላብ ተነክረን የተከፈተ ፍሪጅ ፊት ተቀምጠናል።

«ይቺ ምን የምትሠራ ይመስልሃል?» አለኝ።

«ብርድ ነዋ።»

«ብርድ የሚባል ነገር የለም» አለ።

በግንቦት ገዳሪፍ ውስጥ ይህን የሚከራከር ሰው የለም። እሱም ቀጠለ። ፍሪጅ ተሸካሚ ናት አለኝ፤ መጋዘን እንደሚያራግፍ የቀን ሠራተኛ ናት። ከሆዷ ውስጥ ሙቀቱን ትሸከምና በጀርባዋ በኩል አውጥታ ትደፋዋለች። መብራቱ የምትሸከምበት ጉልበት ነው። አንተ በሯን ስትከፍትባት ከዚህ ክፍል ያነሳችውን መልሳ እዚሁ ክፍል ትደፋለች፣ ያውም የድካሟን ትኩሳት ጨምራ። «ቤትህን ጠርገህ ጥራጊውን ቤትህ መሐል ስትደፋ ነው የዋልከው» አለኝ። ሚስቴ እስከ ዛሬ መጥረጊያ ባነሳች ቁጥር ዞር ብላ ታየኛለች።

ይህንን ትምህርት ለኔ ብቻ አልነበረም የሚሰጠው። ለገዛም ለሸጠም፣ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም፣ ቆሞ ለሰማው ሁሉ ነው። መንገዷን አትዝጉባት፣ ሸክም አታብዙባት፣ ያወጣችውን መልሳችሁ አታስገቡባት ይላል። በየወሩ ጀርባዋን በብሩሽ እከኩላት፣ አቧራው ያፍናታል ይላል። መብራት ሲኖር ፍሪዘሩን በውኃ ጠርሙስ ሙሉት፣ መብራት ሲጠፋ በረዶው በሷ ፈንታ ይሠራላችኋል ይላል። የሚገርመው፣ ፍሪጅ ቶሎ ቶሎ ብትበላሽ የሚጠቀመው እሱ ነበር። ይህን ስነግረው ሐኪም ሰው እንዲታመም ይመኛል ወይ ብሎ ተቆጣኝ።

ለበዓል ሲጠራ የቤቱን ባለቤት ከመሳሙ በፊት ፍሪጇን ይጠይቃል። ጆሮውን ይለጥፍባትና ድምጿን ይሰማል። ከዚያ ከደረት ኪሱ የቀን መቁጠሪያ ቅጠል ያወጣል፣ በበሯ ጎማ መካከል ይዘጋበታል፣ ይስበዋል። ወረቀቱ አልለቅ ካለ «ተማም»፣ ደህና ናት ማለቱ ነው፣ ብሎ ይቀመጣል። ሾልኮ ከወጣ ግን በዚያ ቤት ምሳ ሁሉ የሚወራው ስለ ጎማ ነው። አንድ ፋሲካ፣ ድስት ሙሉ ትኩስ ዶሮ ወጥ ከነእንፋሎቱ ፍሪጅ ውስጥ አገኘና ይብረድ ብሎ አውጥቶ መስኮት ላይ አስቀመጠው። ድመቷ በጣም አመሰገነችው። እነዚያ ሰዎች ዓመት ሙሉ አላናገሩትም።

ትልቁ ጦርነት ግን በልብሱ ነበር። አንዲት ሴት እኔ ዘንድ መጥታ፣ ትናንት የሰፋህልኝን አያ ፈንታ ገፎ ጠቅልሎ ሶፋ ላይ ጣለው ስትለኝ በግድግዳው ማዶ እጮሃለሁ፤ እሱም ከማዶ ይመልሳል። ሰው የሚለብሰው ሙቀቱን ለመያዝ ነው፤ የሷ ሥራ ግን ሙቀት መጣል ነው፤ አንተ ሰውዬ ሮጦ አዳሪን በካባ ታንቃለህ ይለኛል። እኔም ታዲያ እንግዳ ፊት ራቁቷን ትቁም ወይ እለዋለሁ። ሰፈሩ በሁለት ተከፍሎ ያዳምጠናል። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጭቅጭቅ እወደው ነበር። እሱ ግን አንዳንድ ቀን ይከፋው ነበር። «ሰይድ፣ እኔ እኮ ለግድግዳ ነው የምናገረው» አለኝ አንድ ቀን። «ስወጣ መልሰው ያለብሷታል፤ አንድም የሚሰማኝ የለም።»

እንግዲህ ወደ እትዬ የሺ ልምጣ። ሽንኩርትና በርበሬ ይነግዱ የነበሩ፣ ያለ እሳቸው ቃል በሰፈራችን ሰርግም ለቅሶም የማይደረግ ሴት ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። የሱዳኑ ጦርነት ከመጣ ወዲህ መድኃኒቱ እንደ ልብ አይገኝም። ያን ሰሞን የቀሯቸው ሦስት ብልቃጦች ብቻ ነበሩ፤ መድኃኒት ቤቱ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ አላህ ይወቅ ብሏቸዋል። ሙቀት ከነካው ውኃ ነው፣ ተጠንቀቁ ብሎም አስጠንቅቋል። መብራት ደግሞ በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚመጣው። እሳቸውም ደክመው አልጋ ይዘው ነበር፤ ፍሪጃቸውም አልበርድ አለች።

አያ ፈንታ ሄደ። ጀርባዋን አየ፣ ጎማዋን በወረቀቱ ሞከረ፣ ድምጿን ሰማ። ምንም አላጣችም። ግራ ቢገባው በማግሥቱ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። እኩለ ቀን ላይ ሱቄ መጣና በሽታዋን አገኘሁት አለኝ። በሽታዋ ጠያቂው ነበር።

የታመመ መጠየቅ በኛ ዘንድ ግዴታ ነው። ከገዳሪፍ ፀሐይ ለመጣ ሰው ቀዝቃዛ ውኃ መስጠትም ግዴታ ነው። ስለዚህ እትዬ የሺን ሊጠይቅ ሰው በገባ ቁጥር እሳቸው ከአልጋቸው ሆነው፣ ከፍሪጅ ቅዱለት ይላሉ፤ በሯ ይከፈታል፤ ጠርሙሱ ይወጣል፤ ሙቅ ውኃ ተሞልቶ ይመለሳል። ስለጤናቸው እየተጨነቀ የሚመጣው ሰው ሁሉ መድኃኒታቸውን አሙቆላቸው ይሄዳል። አያ ፈንታ እስከ ምሳ ድረስ ከሃያ በላይ ቆጥሮ ነበር።

ይህንኑ ሊነግራቸው ሲገባ አብሬው ሄድኩ። እትዬ የሺ ሰምተው ሲጨርሱ ትራሳቸው ላይ ቀና አሉ።

«ከፀሐይ የመጣ እንግዳ የዚር ውኃ አጠጥቼ ከምሸኝ ሞቴን እመርጣለሁ።»

«እሱን እኮ ነው እየመረጡ ያሉት፣ አንቱ» አላቸው።

ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ አያናግራቸውም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው የታወቁ ሴት፣ ንፉግ ሊባሉ ነው፤ እሱ ነው የጨነቃቸው። አያ ፈንታም ገባው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ንፉጉ እኔ ልሁን አላቸው። የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ የሚሰድበኝ ይስደበኝ፤ አንቱ ብቻ ዝም ይበሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁን ግማሽ ቀን እየዘጋ በእትዬ የሺ በር ላይ ተቀመጠ። ዚሩን በእርጥብ ማዳበሪያ ጠቅልሎ ጥላ ሥር አቆመው። የሚመጣውን ሁሉ እየተነሳ፣ ቀዝቃዛ ውኃ የለም፣ የከለከልኩትም እኔ ነኝ ይላል። ተሰደበ። አንዷ ቀብርህ ላይ ውኃ ይጥፋ አለችው። ቀብር ላይ ውኃ ምን ይሠራል ብሎ መልሶ ዚሩን አሳያት። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ሁለት ቀን አልችልም ነበር። እሱ ግን ስድቡን ከእትዬ የሺ ጫንቃ ላይ አውርዶ ራሱ ተሸከመው።

ነገሩ ገና መስመር ሲይዝ መብራቱ ሐሙስ ቀትር ላይ ጭራሽ ጠፋ። ከከተማው ወዲያ ያለው ትልቁ መስመር ተበላሽቷል፣ ቢፈጥን እሑድ ነው ተባለ። በዚያው ከሰዓት አያ ፈንታ ሱቄ በር ላይ ቆመ። አንገቱን ደፍቷል።

«ልብስ ስፋልኝ» አለ።

«ለማን?»

«ለፍሪጅ።»

ጆሮዬ አልሰማም አልኩት። ደገመው። ከስፌት መኪናዋ ድምፅ የተነሳ አልሰማሁም አልኩና ሦስተኛ አስባልኩት፤ መኪናዋ ቆማ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ያስረዳኝ። መብራት በሌለበት እሷ አትሸከምም፤ ያን ጊዜ ጠላቷ ከውጭ በግድግዳዋ የሚገባው ሙቀት ነው። ስለዚህ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ ወፍራም ካፖርት ያስፈልጋታል፤ ጀርባዋ ግን መብራት ሲመለስ እንድትተነፍስ ክፍት ይሁን። ለአንድ ፍራሽ ያሰብኩትን ጥጥ በሁለት ጨርቅ መሐል ደልድዬ ሰፋሁላት። ሳያየኝ ጫፉ ላይ ትንሽ ዘርፍ ላደርግ ብዬ ነበር፤ አየኝ።

ብልቃጦቹን በጨርቅ ጠቅልሎ መሐለኛው መደርደሪያ ላይ በኩባያ አስቀመጣቸው፤ ከበረዶ ጋር ከተነካኩም ይሞታሉ፣ ቁርም ያቃጥላል አለ። ባለ ሽቦ የሙቀት መለኪያ ነበረችው፤ ሽቦውን በጎማው መሐል አሳልፎ ቁጥሩን ከውጭ አንጠለጠለው። ከስምንት ዲግሪ ካለፈ መድኃኒቱ ያሰጋል አለን። ከዚያ በኋላ ጠያቂው ሁሉ የሚጠይቀው ሌላ ሆነ። ሰው በበሩ ብቅ ሲል፣ እትዬ የሺ እንደምን አደሩ ከማለቱ በፊት፣ ስንት ሆና አደረች ይላል። አራት ሆና አደረች ሲባል ተመስገን ብሎ ይቀመጣል። እትዬ የሺ ታማሚዋ እኔ ነኝ ወይስ እሷ እያሉ ይስቁ ነበር። ሲስቁ ያየኋቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ዓርብ ግን አማቻቸው ከመፋዛ መጣ። እኔና አያ ፈንታ ለአፍታ ወደ ጓሮ ዞር ብለን ነበር። ስንመለስ አማችየው ካፖርቷን ገልጦ፣ በሯን ከፍቶ፣ ፊቱን እስከ ጆሮው አስገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። የመፋዛ መንገድ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ አይፈረድበትም። አያ ፈንታ ትከሻውን ይዞ ቀስ አድርጎ አወጣውና በሯን ዘጋ። አማች ባይሆን ኖሮ እኔ ምን እንደማደርገው አላውቅም። ቁጥሩ ከአምስት ወደ ሰባት ዘለለ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቁጥሩ ስምንት ሆነ። ውስጥ የነበረው በረዶ ውኃ ሆኗል። መብራቱ የለም፣ በረዶ የሚሸጠውም ቤት ቆሟል። አያ ፈንታ ወንበሩ ላይ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። የቀሩት ሦስት ብልቃጦች ናቸው፤ ከነሱ በኋላ ለእትዬ የሺ ምንም የለም። «ሸክሙን የምታወርድበት ጉልበት ከሌላት እኔ ከየት አመጣላታለሁ?» አለኝ። አሳዘነኝ፤ ያን ያህል ዓመት ሲያወራ መላ ጎድሎት አይቼው አላውቅም።

ስምንት መግባቷ ግን በሰፈሩ ተወርቶ ነበር። መጀመሪያ አንዲት ሴት በዳንቴል የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ገባች። ስትፈታው የውኃ ጠርሙስ ነው፤ ዳር ዳሩ ቀልጧል፣ መሐሉ ግን ገና በረዶ ነው። ከኋላዋ ሌላዋ መጣች፣ ከዚያ ሁለት ሆነው፣ ከዚያ ግቢው ሞላ። ያቺ ቀብሩ ላይ ውኃ ያጠፋችበትም ሁለት ጠርሙስ ይዛ መጥታለች። አያ ፈንታ ከወንበሩ ተነስቶ አንድ በአንድ እያነሳ ያያቸው ጀመር። መብራት ከጠፋ በሦስተኛው ቀን በዚህ ሙቀት በረዶ ያላት ፍሪጅ ማለት ከግድግዳ የራቀች፣ ጀርባዋ የታከከ፣ ፍሪዘሯ በጠርሙስ የተሞላ፣ በሯም ያልተከፈተ ፍሪጅ ናት። ይህን ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

እኔም በዚያው ወጥቼ ቤቴ ደርሼ ተመለስኩ። ስደርስ ሴቶቹን አሰልፏቸዋል፤ የምንከፍተው አንዴ ብቻ ነው፣ እጅ በእጅ ቶሎ ቶሎ ይላል። መጨረሻ ላይ ቆሜ የኔን ሰጠሁት፤ አራት ጠርሙስ፣ ድንጋይ የመሰለ በረዶ። ከሁሉም የኔ ነበር የጠነከረው። እያገላበጠ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይሄ ከየት ነው?»

«ከቤቴ።»

«ልብሷስ?»

«የለባትም» አልኩት በጆሮው። «ጥራጊውን ከነገርከኝ ቀን ጀምሮ ራቁቷን ነች።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት በግድግዳ ስትሰድበኝ የኖርከው ለምንድን ነው?»

«እንጀራዬ ነዋ።»

ጠርሙሶቹን ተቀብሎ ከብልቃጦቹ ራቅ አድርጎ ደረደረ፣ በሯን ዘጋ፣ ካፖርቷን አለበሳት። ሁላችንም ቁጥሩ ላይ አፍጥጠን ቆምን። ሰባት ሆነ፤ ቆይቶ ስድስት ሆነ። እሑድ ከሰዓት መብራቱ ሲመጣ አምስት ላይ ነበረች። ብልቃጦቹም እትዬ የሺን ቀጣዩ መድኃኒት ከካሰላ እስኪደርስ አቆዩዋቸው፤ ይኸው ለቅሶውን የተቀመጥነው በእሳቸው ግቢ ነው።

እኔና እሱ ሰኞ ወደ ጭቅጭቃችን ተመለስን። እኔ አለብሳለሁ፣ እሱ ያወልቃል፣ በግድግዳው ማዶ እንሰዳደባለን። ደንበኞቼ ፊት አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ከዚያ ወዲያ የፍሪጅ ልብስ የሚያዘኝ አልነበረም። እያወቀ፣ እየተሸነፈም ቢሆን፣ አልተነፈሳትም። የሰይድ ፍሪጅ ራቁቷን እንደሆነች ለማንም ሳይናገር ሞተ። አሁን ምስጢሬን የሚጠብቅልኝ ስለሌለ ራሴ ተናገርኩት።